የጎፋ ማኅበር ወይኑ ጋ የወረደ ጊዜ

«ማኅበሩ ዝዋይ ይወርዳል» አለች እማዬ፣ ገና ከደጅ ሳትገባ። በረንዳ ላይ ጸጉሬን ታጥቤ ፀሐይ እየሞቅኩ ነበር። ከነውሃዬ ተነስቼ ተጠመጠምኩባትና አዲሱን ነጠላዋን አረጠብኩት። በሌላ ቀን ቢሆን ቁንጥጫ ነበር የሚጠብቀኝ። ያን ቀን ግን እሷም ከእኔ ብሳ ትስቅ ነበር።

ደስታዬ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ማኅበራችንን ላስተዋውቃችሁ። ጎፋ፣ መካኒሳና ሀና ማርያም ያሉ ጥቂት ቤተሰቦች በየወሩ በሃያ አንድ ቀን የማርያምን ማኅበር በየተራ ይጠጣሉ። ባለተራው ዳቦ ይጋግራል፣ ጠላ ይጠምቃል። ቄስ ይባርካል፣ ጽዋው ይዞራል፤ በመጨረሻ የሚቀጥለው ባለተራ ጽዋውን ተረክቦ በእልልታ ታጅቦ ቤቱ ይወስደዋል። ጽዋው እንግዲህ አንዲት ትንሽ የሸክላ ዋንጫ ናት፤ ሲያዩአት ምንም አትመስልም፤ እኛ ቤት ስታድር ግን እኔና ወንድሜ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምንጣላው።

እትዬ ዘነበች የክርስትና እናቴ ናት። አጥር እንጋራ ነበር። ባሏ ጋሽ ገመቹ ከፋብሪካ ጥበቃ ሥራው ጡረታ ሲወጣ ወደ ተወለደበት መንደር፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ይዟት ሄደ። ልጅ የላቸውም። ዕቃዋ ሲጫን እማዬን አቅፋ፣ «እኔ ሰፈሩን ነው የምለቀው እንጂ ማኅበሩን አይደለም፤ ማኅበርተኛ ከሌለኝ ብሞት ማን ይሰማልኛል?» ስትል ሰምቻለሁ። ግን ባለፈው ተራዋ ሲደርስ ጋሽ ገመቹ ታሞባት ሳትደግስ ቀረች፤ ሌሎች ሸፈኑላት። የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ለአንድ ጊዜ ይታገሣል፤ ሁለተኛ ተራውን ያሳለፈ ሰው ስሙ ይፋቅና በቦታው ሌላ ይገባል። ሊገባ የሚጠብቅ ሰውም ነበር።

አሁን የጥር ተራ የእሷ ሆነ። ሽንኩርት በሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር በኩል፣ እግሯ ስላበጠ ጋን ተሸክማ አዲስ አበባ መውጣት እንደማትችል፣ ቤቷ ግን ዝግጁ እንደሆነ ላከች። ታኅሣሥ ላይ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ግማሹ ይተካ አለ፤ ግማሹ ያሳዝናል አለ። ነገሩን የቆረጡት የማኅበሩ ሙሴ ናቸው። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን መሪ ነው፤ ስማቸው ጋሽ ተሰማ፣ ጎፋ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ በማኅበሩ ደንብ ቀልድ አያውቁም። እማዬ እንደነገረችኝ ከሆነ፣ ማኅበር የሚጠጣው ባለተራው ቤት ነው፤ ቤቷ ዝዋይ ከሆነ ዝዋይ ነው፤ ብለው ተነሱ። በቃ።

ጥር ሃያ አንድ ቅዳሜ ላይ ዋለ። እኛም የመንፈቁን ፈተና ጨርሰን እረፍት ላይ ነበርን። ማርያም ራሷ ያቀደችው ነው የሚመስለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ዕቅድ ብቻ ነበር፤ አሁን ሳስበው ከጉዞው ያላነሰ የሚናፍቀኝ እሱ ነው። ማታ ማታ እኛ ቤት ብርድ ልብስ ማን ይይዛል፣ ማን መስኮት ጋ ይቀመጣል እየተባለ ይመከራል። ከአቃቂ ወዲያ አልፌ አላውቅም ነበርና እኔ ሐይቁን በሐሳቤ ስስል ከረምኩ። እትዬ ዘነበች ያለችበት መንደር ዙሪያውን ወይን ነው ተብያለሁ። እኔ የማውቀው ወይን ሀና ማርያም አክስቴ ቤት ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተንጠላጠለውን ነው፤ እሱም ሳይበስል ወፍ ይጨርሰዋል። ስለዚህ በሐሳቤ የሳልኩት መንደር ሽንት ቤቱ የበዛ መንደር ነበር።

ዓርብ

ሚኒባሱ መጀመሪያ መካኒሳ ሄዶ እትዬ ሙሉን ጫነ፤ ከዚያ ወደ ጎፋ መጣ። እትዬ ሙሉ የማኅበሩ ሳቅ ናት። መኪና ስለሚያዞራት ሎሚ በኪሷ ሞልታ መጥታለች፤ ሳሪስ ሳንደርስ ግማሹን መጥጣ ጨረሰችው። ጽዋዋ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ ሙዳይ ውስጥ ሆና፣ ጋቢና ጋሽ ተሰማ ጭን ላይ ተቀመጠች። ሾፌሩ ካሴት ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ጋሽ ተሰማ ዝም ብለው አዩት። እጁን መለሰ። ደብረ ዘይት ድረስ የሰማነው የእትዬ ሙሉን ማቃሰት ብቻ ነው።

ደብረ ዘይት ሻይ ጠጣን። ሻዩ እንደ ጎፋው ነው፤ ብርጭቆው ግን ይበልጣል፤ ሰውም ሲቀመጥ አይቸኩልም። ሞጆን አልፈን ወደ ቀኝ ከታጠፍን በኋላ ሹራቤን አወለቅኩ። ቆቃ ስንደርስ መንገዱ ዳር ልጆች አሳ በገመድ አንጠልጥለው እያወዛወዙ ይሮጡብናል። እትዬ ሙሉ ከሞት የተነሳች ያህል ቀና ብላ መኪናው ይቁም አለች።

«ዓርብ ነው» አሉ ጋሽ ተሰማ ሳይዞሩ።

«አሳ እኮ ደም የለውም፣ ሙሴ።»

«ዓይን አለው። ሲያይሽ አታፍሪም?»

መኪናው በሳቅ ተሞላ፤ ግን አልቆመም። ስለ አሳና ስለ ጾም ክርክሩ እስከ መቂ ቀጠለ። አንዷ የእኔ የነፍስ አባት ፈቅደውልኛል ስትል፣ ሌላዋ የአንቺማ የነፍስ አባት ምን የማይፈቅዱት አለ ትላለች። መቂ ላይ ሁላችንም ሽሮ በላን።

ከመቂ ትንሽ እንደወጣን ጎማ ፈነዳ። ጎፋ ቢሆን ሰፈሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ፣ እንዲህ ፍታው፣ አይ እንዲያ ፍታው እያለ ሾፌሩን ያሳብደው ነበር። እዚያ ግን የመጣው አንድ ገበሬ ብቻ ነው። ምንም ሳይናገር ለጎማው ድንጋይ አመጣ፤ ተመልሶ ሄደና አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጥቶ ግራር ጥላ ሥር ለአሮጊቶቹ አስቀመጠ፤ እንደገና ሄዶ ፓፓያ ይዞ መጣ። እማዬ ስታመሰግነው አማርኛው ብዙም ስላልሆነለት በእጁ ተዉት አለን። ጎማው ተቀይሮ ስንነሳ ወንበሩን ተሸክሞ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም፤ ይኼ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ዝዋይ ከተማን አልፈን የጥርጊያ መንገድ ያዝን። መንደሩ ስም አለው፤ ግን ከጋሪ ነጂ እስከ ቄስ ሁሉም የሚለው «ወይኑ ጋ» ነው። ወይኑን ድሮ አንድ የውጭ ሰው ነው የተከለው ይላሉ። በኋላ የመንግሥት ሆነ፤ አሁን ዳር ዳሩን የመንደሩ ሰው ይንከባከበዋል። ሳየው ደነገጥኩ። ግድግዳ ላይ አይንጠላጠልም፤ እንደ ሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ረድፍ ረድፉን ቆሟል። ረድፉ ሲያልቅ ሐይቁ ይጀምራል። ሐይቁ ደግሞ እንደሳልኩት ሰማያዊ አልነበረም፤ ወተት የበዛበት ሻይ ነው የሚመስለው። ትንሽ ከፋኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ሻዩ ወርቅ ሆነና ታረቅን።

እትዬ ዘነበች ከደጅ ቆማ ትጠብቃለች። ከስታለች፤ ፀሐይ አጥቁሯታል። ሁላችንን አልፋ መጀመሪያ ጽዋዋ ያለችበትን ሙዳይ ተሳለመች፤ ከዚያ ነው እኛን የሳመችን። እኔን አገላብጣ ስታየኝ ቆይታ፣ «ይቺን ነው ያቀፍኩት?» አለች ለእማዬ።

እግራችንን ታጥበን ገና ቁጭ ሳንል ስለ ጎፋ ትጠይቀን ጀመር። የቦኖው ውሃ አሁንም የሚመጣው ጎህ ሲቀድ ነው? ከእኛ በታች ያለው ባሕር ዛፍ ተቆረጠ እንዴ? የጠጅ ቤቱ ውሻ አለ? ማን ተዳረ፣ ማን ተጣላ፣ የማን ጣሪያ አፈሰሰ? እኛ በየቀኑ የምናልፈውንና የማናየውን ሁሉ አንድ በአንድ እንደ ዘመድ ስም ትጠራዋለች። ባሕር ዛፉ ተቆርጧል፤ እኔ ግን አለ አልኳት። ጋሽ ገመቹ ከጥጉ ሆኖ፣ እኔን አግብታ ጎፋን ነው የምትወደው፤ ብሎ አሳቀን።

ጨለማው ሳይበረታ እማዬና እትዬ ዘነበች ጠላውን ሊያዩ ጓዳ ገቡ። እኔ ኩራዝ ያዝኩላቸው። የጋኑ አፍ ሲከፈት ሽታው ፊቴን መታኝ። እማዬ በጣሳ ቀድታ ቀመሰች። ለእኔ አቀበለችኝ፤ ስቀምሰው ጆሮዬ ድረስ ተሰማኝ። የእትዬ ሙሉ ሎሚ ከሱ ይሻላል። ጠላው ሆምጣጤ ሆኗል።

እትዬ ዘነበች እዚያ ከወረደች ጠላ ጠምቃ አታውቅም፤ ለሁለት ሰው ማን ጠላ ይጠምቃል። አሁን ለማኅበሩ ስትጠምቅ ጥንስሱንም ድፍድፉንም በጎፋ ቀን ነው የቆጠረችው፤ ብርድ ባለበት አገር፣ ጋኑ በሁለት ጋቢ ተሸፍኖ በሚቆይበት አገር። ጋኑንም በዚያ ሙቀት እንደ ልማዷ በሁለት ጋቢ ሸፍናዋለች። ጋሽ ገመቹ የቆላ ጋን አይታገሥም ብሏት ነበር። እሷ ግን የጎፋ ጠላ ነው የማጠጣቸው፤ አንተ ምን ታውቃለህ ብላ አባረረችው።

ጎረቤቷ አዴ ጫልቱ ነገሩን ሰምታ መጣች። የራሷን ጠላ፣ ለዘመድ ብላ የጠመቀችውንና ገና ትናንት የደረሰውን፣ ከነጋኑ ውሰዱ አለች። እማዬ ወዲያው ተነሳች። በአንቺ ጋን ገልብጠነው ቢያድር ማን ያውቃል፤ ማኅበርተኞቹ ደክሟቸው ተኝተዋል፤ አለች በለሆሳስ። እናቴን እንደዚያ ስታሴር አይቼ አላውቅም። ለጓደኛዋ ብላ ነው።

እትዬ ዘነበች መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ «አይሆንም» አለች። «ማርያምን በሰው ጠላ አላታልላትም። ነገ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ቅዳሜ

አስተርእዮ ማርያም ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ውሃው አፍ ላይ ናት። ሀና ማርያም ቅዳሴ ስንሄድ ታክሲ ጥሩንባና ጭቃ ነው የሚያጅበን፤ እዚህ ግን በወይኑ መሐል በቀጭን መንገድ ተከታትለን፣ ነጭ ለብሰን ሄድን። ከደሴቶቹ የመጡ ሰዎች በደንገል ጀልባ እየቀዘፉ ይደርሳሉ፤ ጀልባዋን ጎትተው ጫማቸውን አጥልቀው ወደ ግቢው ይገባሉ። እኛ ከታክሲ እንደምንወርደው ማለት ነው። ዳር ላይ ያገሬው ሰው አባ ኮዳ የሚላቸው ትልልቅ ወፎች ካባ እንደለበሱ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ታይቶ የማይጠገብ ነገር ነበር፤ እኔ ግን ሆዴ እትዬ ዘነበች ጋ ነው። ቅዳሴው እስኪያልቅ አንዴ ቀና አላለችም።

ተመልሰን ቤቱ ሞላ። የመንደሩ ቄስ መጡ፤ ጸሎት ተደረገ፤ በኮባ የተጋገረው ዳቦ ተባርኮ ተቆረሰ። ዳቦው ያማረ ነበር። ጽዋው ሊቀዳ ሲል እትዬ ዘነበች ተነስታ ቆመች። ነጠላዋን አስተካክላ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቀን አቆጣጠሯን፣ ጋቢውን፣ የባሏን ምክር፣ የጎረቤቷን ጋን። የእማዬን ሐሳብ ብቻ ዘለለችው።

እትዬ ሙሉ ዝምታ ስለማትችል፣ ወይን ደጅ ሞልቶ ምን አስጨነቀን፤ አዴ ጫልቱም ጥሩ የወይን ጠጅ አላት አሉ፤ አለች።

ጋሽ ተሰማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይን የመቅደስ ነው፤ የእኛ ጽዋ ከአባቶቻችን ጀምሮ ጠላ ነው፤ አሉ። የጎረቤቷም ጠላ ቢሆን፣ ማኅበሩን ያጠጣችን ጎረቤቷ ናት ማለት ነው። ቄሱም ዳቦውን መባረክ የእኔ ነው፣ የማኅበራችሁ ደንብ ግን የእናንተ ነው አሉና ጽሕማቸውን ያዙ። እማዬ እጄን ጨብጣው ነበር፤ ጣቶቼ ነጭ እስኪሆኑ።

«እንግዲያው ስሜን ፋቁት» አለች እትዬ ዘነበች። «ፋቁትና ብሉ፤ ምግቡ እንኳ አይቀዝቅዝ።»

ጋሽ ተሰማ እንደ ዳኛ፣ «ዘነበች፣ ጠላው የማነው?» አሏት።

«የኔ ነዋ።»

«ጌሾውና ብቅሉስ?»

«የኔ። ድካሙም የኔ።»

«ሆመጠጠ አልሽ እንጂ ውሃ ሆነ አላልሽም። ደንቡ ባለተራዋ የጠመቀችውን ጠላ ይላል፤ ጣፋጭ ይሁን አይልም። ቅጂ።»

ቀዳች። ጋሽ ተሰማ ቆመው ጽዋውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ አማተቡ፤ ሳያቋርጡ እስከ አተላው ጠጡት። ዓይናቸው ውሃ አቀረረ፣ አንገታቸው ላይ ያለው ጅማት ተገተረ፣ ፊታቸው ግን የፓስፖርት ፎቶ የሚነሱ ነው የሚመስለው። «ለከርሞ ያድርሰን» ብለው ለሚቀጥለው አቀበሉ።

ከዚያ ጽዋው ዞረ። እንደዚያ ያለ ጽሞና አይቼ አላውቅም፤ እያንዳንዱ ሰው ጥርሱን ነክሶ፣ ትከሻውን ከፍ አድርጎ፣ ፊቱን ላለማጨማደድ ማርያምን ይለምናል። ጋሽ ገመቹ ከጥግ ሆኖ በጋቢው አፉን ሸፍኖ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እትዬ ሙሉ ጋ ሲደርስ ዓይኗን ጨፍና ጨለጠችውና፣ «ሙሴ» አለች፣ «የድሮው ሙሴ እኮ የማራን መራራ ውሃ ለሕዝቡ አጣፍጦ ነው ያጠጣው። እርስዎ እንዳለ ለቀቁብን።»

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። ከዚያ ጋሽ ተሰማ ራሳቸው ሳቁ፤ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። እትዬ ዘነበች ግን ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሲስቁ ታለቅሳለች፣ እማዬም አብራ ታለቅሳለች፣ እኔም የሚሆነው ጠፍቶኝ መሐላቸው ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፋሲካ ነው። ደንቡ ከተፈጸመ ወዲያ የአዴ ጫልቱም ጠላ ገባ፣ የወይን ጠጁም ገባ፤ ጋሽ ተሰማም ከወይኑ ተቀበሉ፤ እንዲያውም ደግመዋል። ቆሮሶ የሚባለው አሳ ከነራሱ ተጠብሶ መጣ፤ ዓይኑ እያየን በላነው። ከሰዓት አዴ ጫልቱ እኔን ወይኑ መሐል ይዛኝ ገባችና ጥቁሩ ዘለላ ከየት እንደሚቆረጥ አሳየችኝ። ከእጇ ሳይሆን ከዛፉ በአፌ እንድበላ ነገረችኝ፤ እዚያ ልጆች እንደዚያ ነው የሚበሉት። ፀሐይ ያሞቀው ወይን ምን እንደሚመስል ልገልጸው ብዙ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ልብሴ ላይ የቀረውን ነጠብጣብ እማዬ በሳሙና አሽታ አሽታ አለቀቀላትም፤ እኔም እንዲለቅ አልፈለግኩም።

ማታ ወለሉ ላይ ተደርድረን ተኛን። የወባ ትንኝ በላን፤ ጎፋ ብርድ ነው የሚነክሰው፣ እዚህ ትንኝ ነው፤ ብቻ የሆነ ነገር ሳይነክሰን አናድርም።

እሑድ

የሚቀጥለው ተራ የእትዬ ሙሉ ነው። ጎፋ ጽዋ ሲሸኝ ከደጅ እስከ ደጅ ነው፤ አስፋልት ከተሻገረ ደግሞ መኪና በጥሩንባ ይሰድበናል። እዚህ ግን ሚኒባሱ ጥርጊያው መንገድ ላይ ቆሞ ስለነበር ወይኑን ሁሉ አቋርጠን ሄድን። እትዬ ሙሉ ጽዋዋን አንግባ ከፊት፣ እኛ እልል እያልን ከኋላ። የመንደሩ ሴቶችም እየወጡ ተቀላቀሉ። እነሱ በኦሮምኛ፣ እኛ በአማርኛ፤ እልልታው ግን አንድ ነው።

መኪናው ጋ ስንደርስ ጋሽ ተሰማ እትዬ ዘነበችን ለብቻ ጠርተው አነጋገሯት። ተራዋ ከዚህ በኋላ በየዓመቱ ጥር ላይ እንዲሆንና ማኅበሩ ራሱ እንዲወርድላት ወስነዋል፤ የሚከራከር ካለ እኔን ይጠይቅ አሏት። ለመግባት የምትጠብቀዋም ሴት ሌላ ቦታ ይፈለግላታል። እትዬ ዘነበች እግራቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ያዟት።

መንገዱ ስንመለስ አጠረ። አቃቂ ስንደርስ ሹራቤን ለበስኩ፤ ሳሪስ ላይ ጭሱ ተቀበለን። ጎፋ ቤታችን ስገባ አጥሩ ማዶ ያለውን የእትዬ ዘነበችን የድሮ ቤት አየሁት። ሌላ ሰው ልብስ አስጥቶበታል። ይኼው አሁን ክረምት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ፤ ያን ጊዜ የነበርኩት ልጅ ከአሁኗ እኔ የበለጠች ዕድለኛ ትመስለኛለች።

መኪናው ሊነሳ ሲል እትዬ ዘነበች በመስኮቱ እጄን ይዛ የነገረችኝን ሳልነግራችሁ ብቀር በደል ይሆንብኛል።

«ጎፋ ላለው ሁሉ ንገሪልኝ። መካኒሳም ላለው። ማኅበርተኛ ያልሆነውም ይምጣ፤ ቤቴ ሰው ይችላል።»

እንግዲህ ነገርኳችሁ። ጥር ሃያ አንድ ዝዋይ ውረዱ፤ ለጋሪ ነጂው ወይኑ ጋ በሉት፤ ሌላ ምንም ማለት አያስፈልጋችሁም። ከጎፋ ነው የመጣነው ስትሏት እስክትቀመጡ አትጠብቅም፤ ስለ ባሕር ዛፉ ከጠየቀቻችሁ ግን አለ በሏት።